ከድድ በታች

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ሕፃን አፍ ነው። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፋር ምድር፣ ዛሬ ዲኪካ በምንለው ቦታ ሞተች። በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን የራስ ቅሏን ከደረቀ ደለል ውስጥ አገኘው። ድንጋዩን ከአጥንቱ ለመለየት ብቻ ዓመታት ፈጀ። ስሟን ሰላም አሏት። ቅሏን በዓይኑ የሚያይ ሰው የወተት ጥርሶቿን ያያል። ቅሉ በሲቲ ስካን ሲታይ ግን ከወተት ጥርሶቿ ሥር፣ በመንጋጋዋ አጥንት ውስጥ፣ ገና ያልበቀሉ ቋሚ ጥርሶች ተራቸውን ሲጠብቁ ተገኙ። ዕድሜዋን የነገሩንም ጥርሶቿ ናቸው። የጥርስ ልባስ ሲያድግ በየዕለቱ ቀጭን መስመር እየጣለ ነውና በ2020 የታተመ ጥናት መስመሮቹን ተከትሎ ሕፃኗ ስትሞት የ861 ቀን ልጅ እንደነበረች አስልቷል።

ከዚች ሕፃን የጀመርኩት አለምክንያት አይደለም። ዛሬ ጥርስ የሚያቃናው፣ ክሊር አላይነር የሚባለው መስተዋት የመሰለ ስስ ፕላስቲክ የተወለደው የሚታየውን ጥርስ በትክክል ከመለካት ነው። የሚሳካውና የሚከሽፈው ግን በማይታየው ነው፤ ከድድ በታች ባለው ሥር፣ በሥሩ ዙሪያ ባለው አጥንት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይበቅል በቀረው ጥርስ።

ወደ አዲስ አበባዋ የካ እንምጣ። ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጀርባ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ። ዕድሜው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አሠራሩ ግን አያከራክርም። ጠራቢዎቹ በላዩ የጨመሩት ነገር የለም፤ የማያስፈልገውን እየቀነሱ ቤተ መቅደሱን ከድንጋዩ ውስጥ አወጡት። ይህን አሠራር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ተቃራኒው ከብዙ ዘመን በኋላ ይመጣል።

ምኒልክና ጣይቱ በ1880ዎቹ እንጦጦ ላይ በሰፈሩበት ዘመን የጥርስ ነገር በዚያ ተራራ የራሱ ሕግ ነበረው። ጽዳቱ በመፋቂያ ነው፤ ከሁሉ የሚመረጠው ደግሞ የወይራ ነው። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲበተን ይፋቅበታል። ዛሬም በየመንገዱ ዳር እፍኝ እፍኝ ታስሮ ሲሸጥ እናየዋለን። ውበቱም የራሱ ቋንቋ አለው። ወደ ፊት የወጣ ጥርስ ያለው ገጣጣ ይባላል፣ በላይ የተደረበው ድርብ ጥርስ ነው። ከሁሉ በላይ የተወደደው ደግሞ ፍንጭት ነው፤ በሁለቱ የላይ ፊት ጥርሶች መካከል ያለች ትንሽ ክፍተት። ድዷን የተነቀሰች ሴት ፍንጭት ከታከለላት ፈገግታዋ በዘፈን ይወሳል። በጥምቀት ማግስት፣ በጥር 12፣ የሌሎቹ አድባራት ታቦታት ገብተው የሚካኤል ታቦት ብቻ ከጃን ሜዳ ወደ መንበሩ በሚመለስበት ቀን፣ በመንገዱ ዳር ወጣቶች እርስ በርስ የሚተያዩት ይህን ይዘው ነው። የኋላው የጥርስ ሕክምና ክፍተትን ሁሉ እንደ ጉድለት ሲቆጥር፣ እዚህ ክፍተቱ ጸጋ ነበር።

ሌላው የጥርስ ልማድ ግን ልብ ይሰብራል። ሕፃኑን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ አልጠባ ሲል፣ የክራንቻው ቦታ ያበጠ ድድ ይታያል። ያ እብጠት ግግ ይባላል፤ የሕመሙ ሁሉ ምንጭ እርሱ ነው ተብሎ ይታመናል። አዋቂ የተባለ ሰው ይጠራና በሹል ብረት ድዱን ሰንጥቆ፣ ከውስጥ ለስላሳና ነጭ የሆነውን ነገር ፈልቅቆ ያወጣል። ያ ነጭ ነገር እንደሚባለው ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ከእርሱ አጠገብ፣ ከዚያው አጥንት ውስጥ፣ ሰላም ላይ በስካን እንደታየው ዓይነት ቋሚ ጥርስ ተቀምጧል። ብረቱ እርሱንም ሊነካው ይችላል። ሕፃኑ በደም መፍሰስና በመመረዝ ካልሞተ፣ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይበቅል ሊቀር፣ ወይም ተሸራርፎ፣ ወይም ከቦታው ወጥቶ ሊበቅል ይችላል። ጎረቤት ጥርሶቹም ወደ ባዶው ቦታ ያዘምማሉ። እናቶች ይህን ያስደረጉት በጭካኔ አልነበረም፤ ልጅ እንዳይሞትባቸው ብለው ነው። በመንጋጋው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳያቸው ግን አልነበረም።

በሌላው ዓለም በዚያው በምኒልክ ዘመን ጥርስ የማቃናት ሙያ እየተወለደ ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ገና በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ ጥርስ በክር የሚታሰርበትን የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው የብረት ቁራጭ ገልጿል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጉድለቶችን በሦስት መደብ ከፈለ፤ ምደባው ዛሬም በየክሊኒኩ ይሠራበታል። በ1900 ለሙያው የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት ነው። በ1904 በታተመ ሥራው የውሻ ጥርሶችን በሽቦ እየገፋ፣ ከዚያ አጥንቱን በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ጥርስ እንዴት እንደሚሄድ አሳየ። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር አልተቀረቀረም፤ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ጅማት ተንጠልጥሎ ነው የቆመው። ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፣ በተጫነበት በኩል ሴሎች አጥንቱን ያሟሙታል፣ በለቀቀው በኩል ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ሳንድስቴት ያየው ሌላ ነገርም ነበር፤ ግፊቱ ሲበዛ ጅማቱ ይታፈናል፣ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ጥርሱም ይቆማል። ጉልበት የጨመረ ሐኪም የሚያተርፈው መዘግየትን ነው ማለት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ የምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። ጥርስ ለማቃናት አልነበረም፤ ያኔ አገሪቱ ገና ለፈንጣጣና ለጦር ቁስል ሐኪም ትፈልግ ነበር። ለብዙኃኑ የጥርስ ሕክምና ማለት ለረጅም ጊዜ መንቀል ነበር።

ሽቦው በሌላው ዓለም ለአርባና ሃምሳ ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ገዛ። የአላይነሩ ቅድመ አያት የታየው በ1945 ነው። የኢንዲያናው ሐኪም ሃሮልድ ኬዝሊንግ ሽቦው ሥራውን ሊጨርስ ሲል የቀረችውን ጥቂት መዛነፍ ለማረም አንድ ዘዴ ቀየሰ። የታካሚውን ጥርስ ልክ በጄሶ አወጣ፣ የጄሶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ለያቸው፣ እንዲሆኑ በሚፈልገው መልክ በሰም መልሶ ደረደራቸው፣ ከዚያ በዚህ በታረመው ልክ ላይ የጎማ መያዣ ሠራ። ታካሚው ጎማውን ሲነክስ ጥርሶቹ ገና ወዳልደረሱበት ቦታ ይገፋሉ። የሐሳቡ ልብ ይህ ነው፤ አሁን ያለውን አፍ ትተህ ሊሆን ለሚገባው አፍ ሥራ፣ ጥርሱ ወደዚያ ይሄዳል። ኬዝሊንግ እንዲህ ያለ መያዣ በተከታታይ ቢሠራ ትልቅ እንቅስቃሴም እንደሚቻል ያኔውኑ ጽፏል። ሄንሪ ናሁም በ1964 ጎማውን በስስ ፕላስቲክ ተካው፤ ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ በቫኪዩም ተስቦ በጄሶው ላይ ይለጠፋል። ሮበርት ፖኒትዝ በ1971፣ ጆን ሸሪዳን ደግሞ በ1993 ዘዴውን አሻሽለው አስፋፉት።

ነገር ግን ሁሉም በአንድ ግንብ ተጋጭተው ቆሙ፤ በእጅ ሥራ። ጥርስ በአንድ እርምጃ የሚሄደው ከሩብ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም፤ 5 ሚሊሜትር ለማስኬድ 20 እርምጃ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ጄሶ አፍስሶ፣ ጥርስ ቆርጦ፣ በሰም መልሶ መደርደር ለአንድ ታካሚ እንኳ የማይቻል ድካም ነው።

ግንቡን ያፈረሰው የጥርስ ሐኪም አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻክ ሃል በ1984 የፈጠራ መብት የጠየቀበት፣ በ1986 የተፈቀደለት መሣሪያ፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ ሬዚን ላይ ጨረር እያሳለፈ፣ ስስ ንብርብር በንብርብር ላይ እያስቀመጠ ዕቃ ያበቅላል። ስሪዲ ፕሪንተር የምንለው እርሱ ነው። የዋሻ ሚካኤል ጠራቢዎች ከድንጋይ እየቀነሱ ቅርጹን እንዳወጡት፣ ይህ መሣሪያ ከምንም ተነስቶ እየጨመረ ቅርጹን ያወጣል። ኬዝሊንግ በእጁ ሃያ ጊዜ መደርደር ያቃተውን ጥርስ መሣሪያው ሃያ ጊዜ፣ በሃያ የተለያየ አደራደር ሊያትመው ይችላል።

የኬዝሊንግን ሐሳብና ፕሪንተሩን ያገናኘው በላሆር ያደገው ዚያ ቺሽቲ ነው። አዋቂ ሆኖ ሽቦ አድርጎ ነበር፤ ከጨረሰ በኋላ ሐኪሙ ጥርሱ እንዳይመለስ የሚይዝ ግልጽ ፕላስቲክ ሰጠው። ፕላስቲኩን ለጥቂት ቀን ሲተወው ጥርሱ ይፈናቀላል፤ መልሶ ሲያደርገው ወደ ቦታው ይመለሳል። መያዣው መግፋትም ከቻለ፣ በተከታታይ ቢሠራስ? ኬዝሊንግ ከ52 ዓመት በፊት ያሰበውን ቺሽቲ ከአፉ ደረሰበት። ልዩነቱ በዙሪያው የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጓደኛው ኬልሲ ዊርዝ ጋር በ1997 አላይን ቴክኖሎጂን መሠረተ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪም አልነበሩም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1998 ፈቃድ ሰጣቸው፤ ምርቱም ኢንቪዛላይን በሚል ስም በቀጣዩ ዓመት ለሐኪሞች ቀረበ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራር እጅግ የሚደንቅ ነው። ሐኪሙ በሲሊኮን ጭቃ የጥርሱን ልክ ይወስድና በፖስታ ይልካል። ፋብሪካው ነጭ ጄሶ ያፈስበታል፤ ጄሶውን በጥቁር ሬዚን ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ ስለት የገጠመ መሣሪያ ከላይ ጀምሮ ስስ ሽፋን እየላጠ፣ በላጠ ቁጥር ካሜራ የተቆረጠውን ገጽ ያነሳል፤ ነጩ ጥርስ፣ ጥቁሩ ባዶ ቦታ። ሲያልቅ ጄሶው የለም፣ ቅርጹ ግን ሙሉ በሙሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ጥቂት ቆይቶ ሲቲ ስካን ቦታውን ወሰደ፤ ሰላምን ያሳየን ያው ስካን ነው። የሚስካነው ግን የታካሚው መንጋጋ አይደለም፣ የጥርሱ ልክ ነው። ከድድ በታች ያለው በዚያ ውስጥ የለም።

የተገኘውን ቅርጽ በስክሪን ላይ ጥርስ በጥርስ የሚለያዩት፣ በየእርምጃው የሚያንቀሳቅሱት ወጣት ቴክኒሻኖች ላሆር ውስጥ ነበሩ። ሥራው የሚፈልገው ኮምፒዩተር፣ ጥሩ የኢንተርኔት መስመር፣ የሠለጠነ ዓይንና ትዕግሥት ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ኩባንያው የላሆሩን ማዕከል ዘግቶ ሥራውን ወደ ኮስታሪካ ወሰደ። ይህን ሳነብ ሁሌ የሚያብሰለስለኝ ነገር አለ። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ረቂቅ የጥርስ ዕቅዶች የተሠሩት በላሆር ወጣቶች እጅ ነው፤ የየካዋ ኮቴቤ ወጣት ይህን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። በ2011 አላይን ካደንት የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ አይቴሮ የተባለውን የአፍ ስካነር በእጁ አስገባ፤ ጭቃው ቀረ፣ እስክሪብቶ የሚያክል ካሜራ በአፍ ውስጥ ሲዞር የጥርሱ ቅርጽ በደቂቃዎች ስክሪኑ ላይ ይሣላል። በ2013 ፕላስቲኩ ራሱ ተለወጠ፤ ተለጥጦ ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ በመጀመሪያው ቀን የማይጨክን በመጨረሻው ቀን የማይለግም ሆነ። በዓመታት ውስጥ የዚህ አሠራር ዓለም አቀፍ መልክ ጸና፤ ሐኪሙ ስካን ያደርጋል፣ ቴክኒሻኑ ጥርሶቹን ከድዱ ለይቶ መንገዳቸውን በሩብ ሚሊሜትር ይከፋፍላል፣ ሐኪሙ ያርማል፣ ያጸድቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ የሬዚን ጥርስ ይታተማል። ሦስት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ እስኪልም ይሞቃል፣ በግፊት በሬዚኑ ላይ ይለበጣል፣ በድዱ ጠርዝ ዙሪያ በሌዘር ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ቁጥር ይጻፍበታል። የሬዚኑ ጥርስ ሥራው እዚህ ያበቃል፤ ይጣላል። ለአንድ ሰው አፍ ብዙ ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ እንዲህ ያለ ይጣላል፤ ይህ ብክነት ነው አሁን ፕላስቲኩን በቀጥታ ለማተም ሩጫ ያስጀመረው። በ2024 መጀመሪያ አላይን የኦስትሪያውን ኩባንያ ኩቢኩርን የገዛው ለዚሁ ነው።

ክብ ጥርስን መጠምዘዝ፣ ረጅሙን ክራንቻ ወደ ታች መሳብ ለለስላሳ ፕላስቲክ ይከብደዋል፤ መያዣ ይፈልጋል። ለዚህ ሐኪሙ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ የጥርስ ቀለም ያላቸው ጉብታዎች በጥርሱ ላይ ይለጥፋል። ማጣበቅ የተቻለው ማይክል ቡዎኖኮሬ በ1955 የጥርስ ልባስን በአሲድ አሻክሮ ሙጫ እንዲይዝ ማድረግን ስላገኘ ነው። የእኛ አገር ሐኪም እዚህ ላይ የሚገጥመው የራሱ ፈተና አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደገ ሰው ፍሎራይድ ከበዛበት ውኃ የተነሳ ጥርሱ ቡኒ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልባስ አሲዱን በደንብ አይቀበልም፣ ጉብታው ቶሎ ይነቀላል።

ፕላስቲኩ በቀን 20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። አጥንት የሚሟሟውና የሚሠራው ግፊቱ ሳይቋረጥ ነው። ሲበላና ትኩስ ሲጠጣ ይወልቃል፤ ሙቀት ያጣምመዋል፣ ቡና ያጠቁረዋል። በእኛ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠናቀቅ ቡና ብቻውን ከሚተርፉት ከሁለት እስከ አራት ሰዓታት ብዙውን ይበላል። በአንጻሩ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከማንም የተሻለ ታካሚ ነው። ይህን በአእምሮው ይዞ የሚያቅድ ሐኪም ለታካሚው ከመመሪያ ወረቀቱ የበለጠ ይጠቅመዋል።

በ2016 በኒው ጀርሲ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማረው አሞስ ደድሊ የዩኒቨርሲቲውን ፕሪንተር ተጠቅሞ፣ ከ60 ዶላር ባነሰ ወጪ ለራሱ አላይነር ሠርቶ ጥርሱን አቃና። ዓለም ተደነቀ። በቀጣዩ ዓመት የአላይን የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች ማብቃት ጀመሩ፤ ከቻይና እስከ አውሮፓ አምራቾች ፈሰሱ፣ ዋጋ ወረደ። ከዚያ በፊት በ2014 የተመሠረተው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ደግሞ ሐኪሙን ከመንገድ ለማውጣት ሞከረ። ታካሚው ቤቱ ሆኖ የጥርሱን ልክ ይወስዳል፣ ወይም በሱቅ ይስካናል፣ ፕላስቲኩ በፖስታ ይመጣል። ከሐኪም ጋር በአካል ሳይገናኝ፣ ብዙ ጊዜም ራጅ ሳይነሳ። ርካሽ ነበር፤ ሚሊዮኖች አመኑት። በዲሴምበር 2023 ኩባንያው በአንድ ጊዜ ተዘጋ፤ ሕክምናቸውን ጀምረው ያልጨረሱ ሰዎች ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። እኔን ከኪሳራው በላይ የሚያስጨንቀኝ ያ ያልተነሳ ራጅ ነው። ስካነር የሚያየው የጥርሱን አናት ብቻ ነው። ሥሩ አጭር ይሁን፣ አጥንቱ በድድ በሽታ የሳሳ ይሁን፣ ከውስጥ የተቀበረ ጥርስ ይኑር፣ ስካነሩ አያውቅም። በሳሳ አጥንት ውስጥ የሚገፋ ጥርስ ይነቃነቃል፣ አንዳንዴም ይወድቃል።

የእኛ ታሪክ ይህን አስቀድሞ ጽፎልን ነበር። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን የመረመሩ ሐኪሞች በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ግግ የወጣላቸው ልጆች ክራንቻ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ ማግኘታቸውን ዘግበዋል። እዚህ አገርም በ1997 የተካሄደው አገር አቀፍ የጎጂ ልማዶች ጥናት የወተት ጥርስ ማስወጣትን ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር አካቶታል። ያኔ ግግ የወጣላቸው ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ አዲስ አበባ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን ስትከፍት፣ የጎደለው ክራንቻ ተነቅሎ ይሁን፣ ሳይበቅል ቀርቶ ይሁን፣ ወይስ ተጣምሞ በአጥንቱ ውስጥ ይተኛ፣ በዓይን አይለይም። ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳይ አንድ ራጅ ይለየዋል። ይህን ሳያይ ጎረቤት ጥርሱን ወደ ባዶው ቦታ የሚያስኬድ ዕቅድ የተኛውን ጥርስ ሊገጨው ይችላል። በከተማችን አላይነር የሚሰጡ ሐኪሞችን የምለምነው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ስካነሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ራጁ ይቅደም።

ራጁ ከታየ፣ ሥሩና አጥንቱ ደህና ከሆነ፣ ስክሪኑ ይዞራል። ታካሚዋ የራሷን ጥርስ ታያለች፤ ሐኪሙ ቁልፉን ሲጫን እርምጃ በእርምጃ ይሄዳሉ፣ የተደረበው ይወርዳል፣ ገጣጣው ይገባል፣ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለችው ክፍተትም ትጠብብና ትዘጋለች። ፕሮግራሙ የተማረው ጥርስ እንዲነካካ ነውና ካልተነገረው ፍንጭትን አያውቃትም። ታካሚዋ «ይቺን ተዉልኝ» ካለች ግን የሚከለክል የለም። ሐኪሙ በዕቅዱ ላይ የሚቀረውን ክፍተት በሚሊሜትር ያስገባል፣ ቴክኒሻኑ መንገዱን እንደገና ያሰላል፣ ፍንጭቷም በእያንዳንዱ የሬዚን ጥርስ ላይ፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው፣ እየታተመች ትወጣለች።